ገንዘብ የሚያመጣው ድምፅ በዘፈን እንዳይዋጥ

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የባህል ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እናስብ። ጊዜው ረፋዱ ላይ ነው፤ ገበያው ደርቷል። በሱቁ በር ላይ የተቀመጠው ብሉቱዝ ስፒከር ዘፈን ይለቃል። ዘፈኑ የሚመጣው ከነጋዴው ስልክ ነው። በዚያው ስልክ ላይ የቴሌግራም መልእክት በየደቂቃው ይንጫጫል፣ የቲክቶክ ማሳወቂያ ይገባል፣ ዕቃ የሚልክለት የአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ይደውላል። በዚህ መሃል አንዲት እናት የ1,850 ብር ቀሚስ መርጠው ዋጋውን በቴሌብር ይልካሉ። «ልኬልሃለሁ ልጄ፣ ገባልህ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ነጋዴው ግን የሰማው ነገር የለም። ስልኩን ከመሳቢያ ያወጣል፤ ዘፈኑን ያቆማል፤ ከመልእክቶቹ ክምር መሃል ይፈልጋል። ይህን ሲያደርግ ሁለት ሌሎች ደንበኞች ዋጋ ጠይቀው መልስ ሲያጡ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋሉ። የእናትየው ገንዘብ የገባው ከሦስት ደቂቃ በፊት ነበር። የመልእክቱ ድምፅም አልቀረም፤ የወጣው ግን በር ላይ ባለው ስፒከር፣ ከዘፈኑ ሥር ሆኖ ነበርና የሰማው መንገደኛው ነው።

ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ቢሆንም በሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ለመሆኑ በአንድ ስልክ ውስጥ ከተለያዩ አፕሊኬሽኖች የሚነሱ ድምፆች ሲጋጩ ማን ይቀድማል? ቅደም ተከተሉን የሚወስነውስ ማነው? ጥያቄው የቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ስልክ የገንዘብ መቀበያ ሳጥን ከሆነ ወዲህ ግን የገበያ ጥያቄ ሆኗል።

ገንዘብ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ሲመጣ

የብር ኖት በእጅ ይቀበሉታል፣ በዓይን ያዩታል፣ ይቆጥሩታል። የስልክ ገንዘብ ግን መምጣቱን የሚያሳውቀው በድምፅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ ያዋለው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርም አለ፤ የሌሎች ባንኮች የሞባይል አገልግሎቶችም አሉ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ሲወሰን ደግሞ የባጃጅ ሾፌሩም ሳይወድ በግድ የዚህ ሥርዓት ተጠቃሚ ሆነ።

በዚህም ምክንያት አንድ ነጋዴ ሁለትና ሦስት የክፍያ መንገድ በአንድ ስልክ ላይ ይይዛል። ሁሉም ገንዘብ ሲገባ ድምፅ ያሰማሉ። ችግሩ ሌሎቹም አፖች ድምፅ ማሰማታቸው ነው። የልደት ማስታወሻ፣ የጨዋታ ማስታወቂያ፣ የማያውቁት ሰው የለጠፈው ቪዲዮ፣ የ1,850 ብር ክፍያ፤ ሁሉም «ጢን» ብለው ይመጣሉ።

ኪሳራውን ለማስላት ትልቅ ሒሳብ አያስፈልግም። በቀን 40 ደንበኛ በስልክ የሚከፍለው ነጋዴ እያንዳንዱን ክፍያ ለማጣራት አንድ ደቂቃ ቢያባክን፣ 40 ደቂቃ ከገበያ ሰዓቱ ላይ ተነሣ ማለት ነው። በሥራ በዛበት ቅዳሜ 40 ደቂቃ የስንት ደንበኛ ጊዜ እንደሆነ ባለሱቁ ያውቀዋል። ሁለተኛው ኪሳራ የከፋ ነው። የራሱን ስልክ ድምፅ ያልሰማ ነጋዴ በጥድፊያ ገዢው የሚያሳየውን የስልክ ምስል አምኖ ዕቃ ያስረክባል። ምስል ደግሞ በቀላሉ የሚፈበረክ ነገር ነው።

ስልክ ድምፆችን የሚዳኝበት ሥርዓት

ብዙ ሰው ስልክ ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያሰማ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በውስጡ ሁለት የሥርዓት ደረጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው ድምፆችን በየወገናቸው መለየት ነው። በአንድሮይድ ስልኮች የዘፈንና የቪዲዮ ድምፅ አንድ መስመር ነው፤ የጥሪ ደወል ሌላ መስመር ነው፤ ማሳወቂያ፣ ማንቂያና የስልክ ንግግርም እንዲሁ የየራሳቸው መስመር አላቸው። ዘፈን ሲጫወት በስልኩ ጎን ያለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው የሚቀንሰው ወይም የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ የዘፈኑን መስመር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ስልክን «ድምፅ አልባ» ማድረግ የጥሪና የማሳወቂያ ድምፆችን ያጠፋል፤ ዘፈንን ግን አያጠፋም። ይህ በአንድሮይድም በአይፎንም ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወይም ስብሰባ ገብቶ ስልኩን ዝም ያሰኘ ነጋዴ ሱቅ ከፍቶ ዘፈን ሲለቅ ስልኩ የሚሠራ ይመስለዋል። ዘፈኑ ይሰማል፤ ክፍያው ግን ዲዳ ሆኖ ይገባል። በሌላ አነጋገር የማይጠቅመው ድምፅ ተርፎ የሚጠቅመው ሞቷል።

ሁለተኛው ደረጃ የተራ ሥርዓት ነው። ሁለት አፖች በአንድ ጊዜ ድምፅ ማሰማት ሲፈልጉ ተራ መጠየቅ አለባቸው። ይህንን ለመረዳት የድሮውን ገበያ ማስታወስ ይበቃል። በገበያው መሃል ነጋሪት ሲጎሰም ጨዋታና ክርክር ይቆማል፤ አዋጁ ይነገራል፤ አዋጁ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ገበያው ይመለሳል። ነጋሪቱ ገበያውን አልበተነም፤ ለጊዜው ቦታ ወስዶ ቦታውን መልሷል።

የአንድሮይድ ሥርዓትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ተራ የሚጠይቅ አፕ የሚፈልገውን ያስታውቃል። «ቦታውን በሙሉ ስጠኝ፣ ዘፈን ልጀምር ነው» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ይጫወት የነበረው ያቆማል። «ለአጭር ጊዜ ስጠኝ» ሊልም ይችላል፤ ያኛው ቆም ብሎ ይቆይና በኋላ ይቀጥላል። ሦስተኛው ልመና «ለአጭር ጊዜ ነው፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግልኝ እንጂ አታቁም» የሚለው ነው። መንገድ የሚያመለክት አፕ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲል ዘፈኑ ዝቅ ብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። አራተኛው «ለአጭር ጊዜ፣ ሌላ ምንም ድምፅ እንዳይሰማ» የሚለው ሲሆን፣ ለምሳሌ ድምፅ ለመቅዳት ያገለግላል። በአይፎን በኩልም አፑ ድምፁ ከምን ወገን እንደሆነ፣ ከሌሎች ጋር መደባለቅ ወይም ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ለስልኩ ያሳውቃል።

ተራውን የሚያስከብረው ማነው?

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። የተራ ጥያቄው በአንድሮይድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2010 በ2.2 እትም ነበር። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በጨዋነት ላይ ነው። ተራ ሳይጠይቅ ድምፅ የሚለቅ አፕ ቢኖር፣ ወይም «ዝቅ በል» ሲባል እንዳልሰማ የሚያልፍ ቢገኝ፣ ስልኩ የሚቀጣበት መንገድ አልነበረውም።

አምራቾቹ ቀስ በቀስ ዳኛ ወደ መሾም ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አንድሮይድ 8 ስልኩ ራሱ የሌላውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። በ2021 በወጣው 12ኛው እትም ደግሞ ተራውን ያጣ የዘፈን አፕ በፈቃዱ ባያቆም ስልኩ ድምፁን አደብዝዞ እንዲያጠፋው ተደረገ። በ2024 የወጣው 15ኛው እትም ተራ መጠየቅ የሚችለው ተጠቃሚው ፊት ለፊት የከፈተው ወይም በይፋ ከጀርባ በሥራ ላይ ያለ አፕ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። አቅጣጫው ግልጽ ነው። በአፖች መልካም ፈቃድ ያልተከበረው ተራ በስልኩ ሕግ እየተተካ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ይበቃል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ከአደጋዎቹ አንዱ ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነበር። አንድ ገበሬ አንድ ተጨማሪ በግ ቢያሰማራ ጥቅሙ የእሱ ነው፤ የሣሩ መመናመን ግን በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ትክክል የመሰለውን ሲያደርግ የጋራው መስክ ይራቆታል።

የስልክ ጆሮም የጋራ ግጦሽ ነው። አንድ የጨዋታ አፕ በቀን አምስት ጊዜ ድምፅ ቢያሰማ ምናልባት አንድ ጊዜ ይከፈትለታል፤ ጥቅሙ የእሱ ነው። የባለስልኩ ጆሮ ሲሰለችና ማንኛውንም «ጢን» ችላ ማለት ሲለምድ ግን ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ የክፍያው መልእክትም አብሮ ችላ ይባላል። ሁሉም ቃልቻ ከሆነ ማን ይሸከማል ስልቻ እንደተባለው፣ ሁሉም አፕ አስቸኳይ ከሆነ አስቸኳይ የሚባል ነገር አይኖርም።

ቅደም ተከተሉ በኪሳራ ይለካ

እንግዲህ ማን ይቅደም? አንዱ መልስ «የሰው ድምፅ ይቅደም» የሚል ነው። ሌላው «መጨረሻ የመጣው ይቅደም» ይላል። ሁለቱም ለሱቅ አይበቁም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትክክለኛው መለኪያ አንድ ነው። ድምፁ ባይሰማ ባለስልኩ ምን ያጣል? ቆይቶ ቢሰማስ ያው ይሆናል ወይስ ያረጃል?

በዚህ ሚዛን ሲታይ ዘፈን የመጨረሻው ነው፤ ለሦስት ሴኮንድ ቢቋረጥ የሚጎድል ነገር የለም። የቡድን መልእክት ማታ ቢነበብም መልእክትነቱን አይለቅም። ያመለጠ ጥሪ ከባድ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይቀራል፣ መልሶ መደወል ይቻላል። የክፍያ ድምፅ ግን ደንበኛው ባንኮኒ ፊት ቆሞ የሚጠብቀው ነው። ደቂቃ ካለፈው ግማሽ ዋጋው ጠፍቷል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት፣ በነጋዴ ስልክ ላይ፣ የክፍያ ድምፅ ዘፈኑን ዝቅ ሳይሆን ጸጥ አሰኝቶ ሊሰማ ይገባዋል።

«በሥራ ሰዓት፣ በነጋዴ ስልክ ላይ» የተባለው በምክንያት ነው። የዚያው ሰው ቅደም ተከተል ማታ ቤቱ ሲገባ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የልጁ ጥሪ ከማንኛውም ክፍያ ይበልጣል። የተማሪዋ፣ የሐኪሙ፣ የሾፌሩ ቅደም ተከተልም የተለያየ ነው። የድምፅን ዋጋ የሚያውቀው ጉዳቱን የሚሸከመው ባለስልኩ ነው እንጂ ካሊፎርኒያ ወይም ሼንዘን የተቀመጠ መሐንዲስ አይደለም። አምራቹ ዳኛውን ይሥራ፤ ሕጉን የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ይሁን።

ደባርቅ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው ደባርቅ፣ እንዲሁም በዳባትና በአካባቢው ደጋ፣ ገብስና ባቄላ ይዞ ገበያ የሚወጣው ገበሬ ብዙውን ጊዜ የያዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው። በዚያ ስልክ ላይ የድምፅ ግጭት የለም ማለት ይቻላል። ሬዲዮ ይጫወታል፤ ጥሪ ሲመጣ ሬዲዮው ይቆማል፤ ጥሪው ሲያልቅ ይመለሳል። መልእክት ሲገባ ደግሞ ድምፁ አንድና የታወቀ ነው። ቴሌብርም *127# ተብሎ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ስልክ በሚሠራባቸው አካባቢዎች የክፍያ ማረጋገጫ ሆኖ የቀረው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ኢንተርኔት የሚፈልገው አፕ ዝም ሲል የመልእክቱ ድምፅ ግን አልጠፋም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የክፍያ ድምፅ በኢንተርኔት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ሁለተኛ፣ ዘመናዊው ስልክ ከባለቁልፉ የሚማረው ነገር አለ፤ እሱም ጥቂት ድምፅ፣ ግልጽ ተራ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በቻይና አሊፔይ ለነጋዴዎች ገንዘብ ሲገባ መጠኑን በሰው ድምፅ የሚናገር አገልግሎት አስለምዷል። በሕንድ ደግሞ ፔይቲኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራው ይህ ብቻ የሆነ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለሱቆች አቀረበ። ነጋዴው ስልኩን ሳያይ «ይህን ያህል ሩፒ ተቀብለዋል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ በገበያ ቋንቋ ሲተረጎም፣ የጋራው ጆሮ ሲጨናነቅ ክፍያው የራሱን ጆሮ ገዛ ማለት ነው።

ዘዴው ለጎንደር ሱቅም የሚስብ ነው። ሆኖም ተጨማሪ ዕቃ ተጨማሪ ወጪ ነው። ሌላም ችግር አለ። በሕዝብ ፊት «45,000 ብር ገብቷል» ብሎ የሚጮህ መሣሪያ ለደንበኛም ለባለሱቅም ላይመች ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ይነገር ወይስ የተለየ ደወል ብቻ ይሰማ የሚለውም ለባለቤቱ መተው አለበት።

እስከዚያው ነጋዴው ምን ያድርግ?

አምራቾች እስኪደርሱ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ በእጅ ባለው ስልክ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

አንደኛውና ርካሹ መፍትሔ ዘፈኑን ከስልክ ማውጣት ነው። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ስፒከሮች ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ። ዘፈኑ በፍላሽ ይሁን፤ ስልኩ ለሥራ ይቅር። ያገለገለ ስልክ ያለውም ዘፈኑን ለእሱ ሊሰጠው ይችላል። በብዙ ስልኮች ዘፈን ወደ ብሉቱዝ ሲሄድ የማሳወቂያው ድምፅ አብሮ ስለሚሄድ ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ሁለተኛ፣ ሳምሰንግ የያዙ ነጋዴዎች በድምፅ ቅንብሮች ውስጥ የአንድን አፕ ድምፅ ለይቶ ወደ ስፒከር የሚልክ አማራጭ ያገኛሉ። የዘፈኑ አፕ ብቻ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ የቀረው በስልኩ ላይ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ለክፍያ መልእክት የተለየ ደወል ይምረጡ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ከአንድ ላኪ ለሚመጡ መልእክቶች ብቻ የሚያገለግል ድምፅ መስጠት ይቻላል። ከ127ና ከባንክዎ የሚመጣው መልእክት ከሌላው ጋር የማይምታታ ጠንካራ ድምፅ ይኑረው። ከ2017 ወዲህ በወጡ የአንድሮይድ እትሞች የአንድን አፕ ማሳወቂያዎች በየዓይነታቸው ለይቶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ክፍያው እንዲሰማ፣ ማስታወቂያው ዝም እንዲል።

አራተኛ፣ የቡድን መልእክቶችን ድምፅ ይዝጉ፤ መልእክቶቹ አይጠፉም፣ ሲመችዎ ይነበባሉ። «አትረብሽ» የሚለውን አማራጭ የሚጠቀሙ ከሆነም የክፍያ መልእክቶችንና የቤተሰብ ጥሪዎችን በልዩነት እንዲያሳልፍ ያድርጉ።

አምስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ድምፅ ጥሪ ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም። ደወሉ ሲሰማ ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት በራስዎ ስልክ ላይ መጠኑንና ቀሪ ሒሳቡን ይመልከቱ።

የባለድርሻዎች ድርሻ

የክፍያ ድርጅቶች ከሚጠበቅባቸው ሥራ የመጀመሪያው የገቢ ማሳወቂያን ከማስታወቂያ መለየት ነው። ገንዘብ የገባበትና ሽልማት የሚተዋወቅበት መልእክት በአንድ ድምፅ፣ በአንድ መስመር ሲመጡ ነጋዴው ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ሽልማቱን ለማስተዋወቅ ሲባል ክፍያው ይጎዳል ማለት ነው።

ስልክ አምራቾችም ድርሻ አላቸው። የቴክኖ ስልኮች አምራች የሆነው የቻይናው ትራንሽን በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህን ገበያ ከቅርብ የሚያውቅ ድርጅት «የሱቅ ሰዓት» የሚል አንድ ቁልፍ ቢያዘጋጅ፣ ቁልፉ ሲበራ ክፍያ አንደኛ፣ ጥሪ ሁለተኛ፣ ዘፈን መጨረሻ ቢሆን፣ በግልጽ አማርኛም ቢጻፍ፣ ለማስታወቂያ ከሚያወጣው ገንዘብ ያላነሰ ደንበኛ ሊያመጣለት ይችላል። ዛሬ ከላይ የዘረዘርናቸውን አማራጮች ለማግኘት አራትና አምስት ገጽ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ገበያ የደራበት ነጋዴ ለዚህ ጊዜ የለውም።

ቅዳሜ ገበያ ያለ ዘፈን አይደምቅም፤ ዘፈኑ ይቀጥል። ነገር ግን እናትየው «ገባልህ?» ብለው ሲጠይቁ ነጋዴው ቀና ብሎ «አዎ ገብቷል እማማ፣ መልካም በዓል» ለማለት ሦስት ደቂቃ መፈለግ የለበትም። የድሮው ገበያ ለነጋሪት ዝም ማለትን ያውቅ ነበር። የዛሬው ስልክም ለባለቤቱ ጉዳይ ዝም ማለትን ቢማር የሚከስር የለም።